መቆምና መቀመጥ ከሰውነት ኃይል ምን ያህል ይወስዳሉ?

በመካነ ብርሃን ከሚገኙ መምህራን አንዳንዶቹ፥ «ቀኑን ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ስለምንውል ሌላ የሰውነት እንቅስቃሴ አያስፈልገንም» ሲሉ ሰምተናል። በጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ከሚውሉት ደግሞ ቆሞ መሥራት ውፍረትን ያጠፋል ብለው የሚያምኑ አሉ። ሁለቱም አሳብ በሚዛን ቢቀመጥ ቀሎ ይገኛል።

የሰው አካል ዝም ብሎ ተቀምጦም ኃይል ያወጣል፤ ልብ ይመታል፥ ሳንባ ይተነፍሳል፥ ሙቀት ይጠበቃል። የዚህ ኃይል መስፈሪያ ኪሎ ካሎሪ ይባላል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተቀምጦ ሲጽፍ በደቂቃ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። በአሜሪካ አገር የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች 1,184 ሰዎች የተመረመሩባቸውን 46 ጥናቶች አጠቃለው በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ መቆም ከመቀመጥ የሚበልጠው በደቂቃ 0.15 ኪሎ ካሎሪ ብቻ መሆኑን አስታውቀዋል። ይህ ማለት 6 ሰዓት በመቆም የሚገኘው ልዩነት 54 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ሦስት ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። በዕረፍት ሰዓት ሁለት ብርጭቆ ሻይ አጣፍጦ የጠጣ መምህር የቀኑን ሙሉ መቆም ዋጋ መልሶ ዋጠው።

ልዩነቱ ስለምን አነሰ? ቀጥ ብሎ የቆመን ሰው ክብደት በአብዛኛው የሚሸከሙት አጥንቶቹ ናቸው፤ የባት ጡንቻዎች ወዲያና ወዲህ እንዳይዘነብል በጥቂቱ ይጠብቁታል። ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በአቋቋም ትምህርት ስመ ጥር የሆነው የጎንደር በዓታ ሊቅ በመቋሚያው ተደግፎ ሌሊቱን ሲቆም የሚያወጣው ኃይል ጥቂት ነው። ነገር ግን ከበሮው ተመትቶ ወረቡ ሲጀመር፥ ያው ሰው በዚያው ሌሊት፥ በዚያው እግሩ፥ ብዙ እጥፍ ያወጣል። እረኛም በበትሩ ተደግፎ ሲቆም እንደ ሊቁ ኃይሉን ይቆጥባል።

በ1946 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953) ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም በለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ላይ የደረሱበትን አሳተሙ። ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ቆራጮቹ ቆመው ብቻ አልዋሉም፤ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ይውሉ ነበር።

እንግዲህ የመካነ ብርሃን መምህር በሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢሄድ 6 ሰዓት በመቆም ከሚገኘው ልዩነት ይበልጥ ኃይል ያወጣል፤ የስሜን ዳገት ከሆነማ ልዩነቱ ይሰፋል። ጸሐፊውም ደብዳቤውን ለተላላኪ ከመስጠት ይልቅ ራሱ ቢያደርሰው እንመክራለን። ይህ ምክር ግን ከምንጭ ውኃ ቀድታ፥ ዳገቱን ወጥታ፥ ደግሞ ወፍጮ ላይ ለምትጎነበስ እናት አይደለም። ለእርስዋ መቀመጥ መድኃኒቷ ነው፤ እንስራውን ሌላ ሰው ይሸከምላት።

ሳይንቀሳቀሱ መቆም ኃይል ሳይፈጅ ስለምን ያደክማል የሚል ጠያቂ ይኖራል። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ሽቅብ የሚገፋው የባት ጡንቻ ሲኮማተር ነው። ጡንቻው ሥራ ሲፈታ ደም በእግር ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፥ በጊዜ ብዛትም የደም ሥሮች ይወጣጠራሉ። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ቁርስ ሳይበላ፥ ከሩቅ መንደር በእግሩ መጥቶ በፀሐይ የቆመ ተማሪ ራሱን የሚስተው ደም ወደ ራሱ በበቂ ስላልደረሰ ነው፤ ስንፍና ወይም ማስመሰል አይደለም። ስለዚህ ተማሪን ለቅጣት ለረዥም ጊዜ አለማቆም፥ በሰልፍም ላይ እግሩን እንዲያፈራርቅ መፍቀድ ያስፈልጋል። የወደቀውን ልጅ ወዲያው ጎትቶ ማቆም አይገባም፤ በጀርባው አስተኝቶ፥ የአንገቱን ቁልፍ ፈትቶ፥ ፊቱ እስኪመለስ ድረስ እግሮቹን ከፍ አድርጎ መያዝ ይበቃል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።