ለውሻዎ አየር መንገድ ከመምረጥዎ በፊት

ከአዲስ አበባው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ጀርመን የሚሄድ ቤተሰብ ውሻውን ጥሎ መሄድ ካልሆነለት፣ መጀመሪያ የሚያጠያይቀው እንስሳ ከመንገደኛ ጋር የሚያስቀምጥ አየር መንገድ ነው። ካጣም ጉዳዩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ምክንያቱ ፍርሃት ነው፤ የአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል አየር የሌለበትና አጥንት የሚሰብር ብርድ ያለበት ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ይህ እምነት ስሕተት ነው፤ ሰውንም ዋናውን ጉዳይ ያስረሳዋል።

የጭነት ክፍሉና የመንገደኞቹ ክፍል የሚገኙት በአንድ የታሸገ አካል ውስጥ ስለሆነ የአየር ግፊታቸው እኩል ነው። እንስሳ የሚጫንበት ክፍል ይሞቃል፤ ካፒቴኑም ምን እንደተጫነ በጽሑፍ ይነገረዋል። ለአዲስ አበባ ውሻ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀለለ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ግን በሰማይ ላይ ሳለ በውስጡ የሚጠብቀው ግፊት 1,830 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር የሚመጣጠን ነው። ስለዚህ ልደታ ተወልዶ ያደገ ውሻ በረራው ላይ የሚተነፍሰው አየር ግቢው ውስጥ ሲሮጥ ከሚተነፍሰው የወፈረ ነው። አየር ያጥረዋል ብሎ መጨነቅ ለእሱ አይሠራም።

«ታዲያ በበረራ የሚሞቱ ውሾች ከየት መጡ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የ122 ውሾች ሞት መዝግቧል፤ ንጹሕ ዝርያ ካላቸው ሟቾች ግማሽ ያህሉ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ነበሩ። እነዚህ ውሾች መሬት ላይም ቢሆን ሙቀትና ድንጋጤ ሲበዛባቸው መተንፈስ ይቸግራቸዋል፤ ብዙ አየር መንገዶች በጭነት ክፍል አንወስድም የሚሉትም ለዚህ ነው። ለሌሎቹም ቢሆን አስጊው ጊዜ ውሻው የሚጓዝበት ሳጥን አስፋልት ላይ ፀሐይ እየመታው እስኪጫን የሚጠብቅበት ነው። «ተኝቶ ይድረስልኝ» ብለው የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ ሊወቀሱ ይገባል፤ መድኃኒቱ የእንስሳውን አተነፋፈስና የልብ ምት ያዛባል፣ ባለሙያዎችም አይመክሩትም። ሊደክሙለት የሚገባው ሳጥኑ ነው፤ ውሻው ጆሮው ጣሪያውን ሳይነካ የሚቆምበት፣ ዞሮ የሚተኛበት፣ ከበረራው ሳምንታት አስቀድሞ የለመደው ይሁን።

ፍርሃቱ ከተወገደ ማወዳደሩ ይቀላል። ሉፍታንዛና ተርኪሽ ከነመያዣው ከ8 ኪሎ የማይበልጥ ውሻ ወይም ድመት ከመንገደኛው ጋር ያሳፍራሉ። ኤምሬትስና ኳታር ለዓይነ ስውር መሪ ውሾችና ለጭልፊት ካልሆነ በቀር ይህን አይፈቅዱም። የግቢ ጠባቂ ውሻ ግን 8 ኪሎ ውስጥ ስለማይገባ ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ባለውሻ ልዩነቱ ትርጉም የለውም። ለእሱ የሚጠቅመው ቀጥታ በረራ ነው፤ ትራንዚት በቀነሰ ቁጥር አስፋልት ላይ መጠበቅም ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚወስነው የመድረሻው አገር ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ካልጠፋባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች የአውሮፓ ኅብረት ማይክሮቺፕ፣ ክትባት፣ ከዚያም ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ የተወሰደ የደም ምርመራ ይጠይቃል። ደሙ ከተወሰደ በኋላም ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ቺፑ ሳይገባ የተሰጠ ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፣ የብዙ ሰው ልፋትም መና የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ብሪታንያ በአውሮፕላን የሚመጣ የቤት እንስሳን የምትቀበለው በካርጎ ብቻ ነው። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች የሚመጣና እዚያው የተከተበ ውሻ በተመረጡ ስድስት አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ እንዲገባ ደንግጋለች። ዋሽንግተን ደለስና አትላንታ ከስድስቱ ውስጥ ናቸው፤ ቺካጎና ኒውአርክ ግን የሉበትም። ቺካጎ ለሚሄድ ሰው ቀጥታ በረራ ቢኖረውም ለውሻው አይሆንም። ወደ አሜሪካ የሚሄድ የድመት ባለቤት ግን ከዚህ ደንብ ነፃ ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ድመትን የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃ አይጠይቅም።

ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥዎ ቢያንስ አምስት ወር አስቀድመው የመድረሻዎን ሕግ ያንብቡ፤ ቺፑን ያስገቡ፣ ከዚያ ያስከትቡ። የውሻውን የጤና ሰርተፊኬት ለመጨረሻዎቹ ቀናት ያቆዩት። አየር መንገዱን የሚመርጡት ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው።