ክፍት የትምህርት ግብዓትና የቅጂ መብት፦ የሁለት ዐሥርት ዓመታት ጉዞ

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) የሚያስተምርባቸውን ጽሑፎች በኢንተርኔት በነጻ እንደሚለቅ እ.ኤ.አ. በ2001 አስታወቀ፤ በተከታዩ ዓመትም ሥራውን በ50 ኮርሶች ጀመረ። የኮርሶቹ ቁጥር በ2007 ወደ 1,800 አደገ፤ ዛሬ ደግሞ ከ2,500 በላይ ደርሷል። «ክፍት የትምህርት ግብዓቶች» የሚለው ስያሜም ዩኔስኮ በ2002 ፓሪስ ላይ በጠራው ጉባኤ ተወለደ።

ከቁጥሩ ዕድገት ይልቅ ትልቁን ለውጥ ያመጣው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች ናቸው። ከዚያ በፊት አንድ መምህር ጽሑፉን ለሁሉም ቢያሰራጭም፣ መተርጎም ወይም ማሻሻል የፈለገ ሌላ መምህር ባለመብቱን አፈላልጎ ማስፈቀድ ነበረበት። አሁን ባለመብቱ መብቱን እንደያዘ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን አስቀድሞ መግለጽ ቻለ። በእነዚህ ፈቃዶች የተለቀቁ ሥራዎች በ2014 ወደ 880 ሚሊዮን፣ በ2017 ደግሞ ወደ 1.4 ቢሊዮን ተገምተዋል።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ዩኒቨርሲቲዎች መስፋፋት በጀመሩበት ወቅት ነበር። አዋጁ ለማስተማር ሲባል በተገቢው መጠን ማባዛትን ስለሚፈቅድ፣ የመጻሕፍት እጥረት ባለበት ክፍል የፎቶ ኮፒ ሃንድአውት ሕጋዊ መሠረት አገኘ፤ ጽሑፉን አሻሽሎ ዳግም ማሳተም ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላው መታጠፊያ እ.ኤ.አ. 2019 ነው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የ47 ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ጽሑፎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ የሚያስገድድ ፖሊሲ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ዩኔስኮ ስለ ክፍት የትምህርት ግብዓቶች የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ።

ምርምሩ በር ሲከፈትለት፣ ተማሪው በየዕለቱ የሚያነበው ሞጁል ወደ ኋላ ቀረ። ብዙ ሞጁሎች ከእጅ ወደ እጅና በቴሌግራም ቢዘዋወሩም፣ ማን አሻሽሎ ሊጠቀምባቸው እንደሚችል የሚናገር መስመር የላቸውም። ይህን መስመር ለመጻፍ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። በአዋጁ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ተቀጣሪ በሥራው ላይ ያዘጋጀው ጽሑፍ መብት የአሠሪው ነው፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ፈቃዱን መስጠት ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከአዘጋጁ መምህር ጋር ተመካክረው፣ የአዘጋጁን ስም አክብረው፣ በየሞጁሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የፈቃዱን ዓይነት ይጻፉ።