ስለ ጥሬ ገንዘብና ስለ ካርድ፤ ሸማች አንዱን ትቶ ሌላውን የሚመርጥበት ምክንያት

ገንዘብ ማለት ሰው የሚፈልገውን ነገር ለመግዛት ለሌላው የሚሰጠው፥ ሌላውም እምቢ ሳይል የሚቀበለው ማናቸውም ነገር ነው። ስለዚህ የገንዘብ ሥሩ መተማመን ነው እንጂ ብረቱ ወይም ወረቀቱ አይደለም። በዛሬው ዘመን አንዱ ሸማች ለጨውና ለበርበሬ ከኪሱ ብር አውጥቶ ይከፍላል፤ ሁለተኛው ካርድ ይሰጣል፤ ሦስተኛው በእጅ ስልኩ ይልካል። የሚገዙት ዕቃ አንድ ሲሆን የአከፋፈላቸው መንገድ ስለ ምን እንደ ተለያየ መመርመር ይገባል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ወይ አዲሱን ነገር በከንቱ ይፈራል፤ ወይ ሳይመረምር ይታመንበትና የድካሙን ዋጋ ያጣል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚቈረጠው አሞሌ ጨው በገበያ እንደ ገንዘብ ይቈጠር ነበር። አሞሌ ከተቈረጠበት አገር እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይወደዳል፤ ዝናም ካገኘው ግን ይሟሟል፥ ቢወድቅም ይሰበራል። ለትልቁ ግዢ የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር ነበረ። በዚህ ብር ላይ የተቀረጸው ዘመን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር 1780 ነው። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ሞተች፤ ነገር ግን ሰዉ መልኩን ስለ ለመደ ከሞተችም በኋላ ብዙ ዘመን ያው መልክና ያው ቍጥር እየተቀረጸበት ይሠራ ነበር። ተቀባዩም በጌጥዋ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጠብጣቦች አይቶና ቈጥሮ ይቀበል ነበር።

በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ መልክ ያለበት፥ 1887 ዓ.ም. የሚል ቍጥር የተጻፈበት ብር በፓሪስ ተሠርቶ መጣ። ክብደቱ ከጠገራው ጋር የተካከለ፥ 28 ግራም ያህል ነበረ። ይህም ሆኖ በየአውራጃው ያለው ባላገር የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰው ገንዘብን የሚመርጠው በጥራቱ ብቻ ሳይሆን በልማዱም፥ ነገም ሌላው ሰው ይቀበለኛል ብሎ በማመኑም መሆኑን ነው።

የጠገራው ጉድለት ክብደቱ ነበር። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለሩቅ መንገድ ጭነት ይሆናል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ብር በሕግ ሲታወጅ፥ ከወረቀቱ ጋር ከእውነተኛ ብር የተሠራ የ50 ሳንቲም ገንዘብ አብሮ ወጣ። ብሩን መዳሰስ የለመደው እጅ ወረቀቱን በድንገት እንደማያምን የታወቀ ነበርና። ያ ጊዜ ከብር ወደ ወረቀት መሻገሪያ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የዛሬውም ከወረቀት ወደ መዝገብ መሻገሪያ ነው።

ካርድ ራሱ ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ በባንክ መዝገብ ተጽፎ ይኖራል፤ ካርዱ «ከእኔ ሒሳብ ቀንሰህ ለነጋዴው ጨምርለት» የሚል ትእዛዝ ለባንኩ የሚያደርስ ምልክት ነው። የምስጢሩ ቍጥርም በደብዳቤ ላይ እንዳለ ማኅተም የላኪውን ማንነት ያረጋግጣል። በእጅ ስልክ መክፈልም ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም፤ በኬንያ ኤም ፔሳ በ1999 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያም የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። እንግዲህ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ብቻ ነው። በካርድ ወይም በስልክ ሲከፈል ግን በመካከል ባንኩ ወይም የስልኩ ድርጅት፥ መሣሪያው፥ መብራቱና ኔትወርኩ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ገንዘብ እያለ መግዛት አይቻልም።

ሸማች ጥሬ ገንዘብን የሚመርጥበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው፥ ጥሬ ገንዘብን ማንም ይቀበላል፤ በጉልት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት መሣሪያ ባይኖራትም፥ ፊደል ባትቈጥርም የብሩን መልክ ታውቃለች። ሦስተኛው፥ ክፍያው በዚያው ቅጽበት ያልቃል፤ «ደረሰ፥ አልደረሰም» የሚል ክርክር የለበትም። አራተኛው፥ ለማን ምን እንደ ተከፈለ በሌላ ሰው መዝገብ አይጻፍም።

ካርድን ወይም ስልክን የሚመርጠው ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ብዙ ብር ይዞ መንገድ መሄድ ለወንበዴና ለኪስ አውላቂ ያጋልጣል፤ ካርድ ቢጠፋ ግን ለባንኩ ወዲያው አስታውቆ ማዘጋት ይቻላል። ዝርዝር ጠፋ ተብሎ መልስ አይቀርም፤ እስከ ሳንቲሙ ተቈጥሮ ይከፈላል። ለተከፈለው ሁሉ ማስረጃ ይኖራል። ደመወዙ በባንክ የሚገባለት መምህርም ብሩን ለማውጣት ብቻ ከተማ ድረስ ሄዶ ሰልፍ ከመቆም ይድናል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምርጫው የሸማቹ አይደለም፤ በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በስልክ እንጂ በጥሬ ገንዘብ እንዳይሸጥ ተደርጓል።

የነጋዴውም ፈቃድ መታሰብ አለበት። በብዙ አገር ባንክ በካርድ ከተሸጠው ዋጋ ጥቂት እጅ ለአገልግሎቱ ከነጋዴው ይቀንሳል። ስለዚህ ትርፉ ትንሽ የሆነ ባለሱቅ ለጥቂት ብር ዕቃ ካርድ መቀበልን አይወድም። ብዙ የሚሸጠው ግን ብር መቍጠሩና ወደ ባንክ መሸከሙ ስለሚቀርለት ደስ ይለዋል። በዚህም ምክንያት በብዙ ስፍራ ትንሹ ግዢ በጥሬ ገንዘብ፥ ትልቁ በካርድ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሰው ጠባይ ነው። ሰው ብር ከእጁ ሲወጣ ያያል፥ ኪሱም ሲቀል ይሰማዋል፤ ካርድ ግን ተሰጥቶ ይመለሳልና የወጣ ነገር ያለ አይመስልም። ፕሬሌክና ሲሜስተር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መምህራን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2001 ባሳተሙት ጥናት ይህን ፈትነዋል። ለኳስ ጨዋታ መግቢያ ጨረታ አቅርበው ከተጫራቾቹ ከፊሎቹን በጥሬ ገንዘብ፥ ከፊሎቹን በካርድ ትከፍላላችሁ አሏቸው። በካርድ የሚከፍሉት ለመስጠት የፈቀዱት ዋጋ የሌሎቹ እጥፍ ያህል ሆነ። የዚያ አገር ካርድ ብዙ ጊዜ የብድር ካርድ ነው፤ ዛሬ ገዝቶ በወሩ መጨረሻ መክፈል፥ ካልከፈሉም ወለድ መጨመር ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው ካርድ ግን በሒሳብ ካለው በላይ አያስወጣም። ይሁን እንጂ ያለውን ቶሎ ከመጨረስ አይከለክልም።

አደጋውም በሁለቱም ወገን አለ። ብርን በቤት የሚሸሽግ ሰው እሳትና አይጥ ያሰጉታል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር መለወጡ በተነገረ ጊዜ የተሰጠው ቀን ሦስት ወር ነበር፤ ሸሽጎ ሳይለውጥ የቀረ ሰው እጁ ላይ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። በካርድና በስልክ የሚከፍለው ደግሞ ሌባው በቃል ይመጣበታል። «ከባንክ ነው የምደውለው፥ የምስጢር ቍጥርህን ንገረኝ» የሚለው ሌባ ነው፤ ባንክ ይህን ቍጥር ከደንበኛው አይጠይቅምና። የተቀባዩን ስምና ቍጥር ሳያይ የሚልክ ሰውም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይደርስበታል። ሻጭም ቢሆን «ልኬአለሁ» የሚል ጽሕፈት በገዢው ስልክ ስላየ እህሉን አይልቀቅ፤ በራሱ ሒሳብ መግባቱን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

በካርድ መክፈል እጅግ በተስፋፋበት በስዊድን አገር መንግሥት በግንቦት 2010 ዓ.ም. ለየቤቱ በላከው ጽሑፍ፥ ለክፉ ቀን በትንንሽ የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ በቤት ይኑራችሁ ብሎ መክሯል። ምክሩ ለባላገርም ይሠራል። ለየዕለቱ ጕልትና ለክፉ ቀን የሚበቃ ዝርዝር በእጅ ቢኖር፥ የቀረው በባንክ ቢቀመጥ፥ አንዱ ሲጐድል ሌላው ይተካል።

መምህራንም ለተማሪዎች ሒሳብ ሲያስተምሩ፥ አንድ ቤተ ሰብ በሳምንት በጥሬ ገንዘብና በስልክ የከፈለውን በሁለት ረድፍ አስጽፈው ቢያስደምሩ ይጠቅማል። ልጁ መደመርን ሲማር አባቱ ገንዘቡ የት እንደ ሄደ ያያል። ሽማግሎችም የምስጢርን ቍጥር ነገር በዕድርና በገበያ ቢናገሩ፥ በአንድ የስልክ ጥሪ የዓመት ልፋቱን ከሚያጣው ሰው ብዙዎችን ያድናሉ።