የስልካችንን ፍጥነት የሚወስነው ማን ነው? ተፈጥሮ ወይስ ኩባንያ?

ስልካችን ሲዘገይ ሁላችንም «ኔትወርኩ ነው» እንላለን። ይሁንና በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ተደብቀው ይገኛሉ፤ አንደኛው የተፈጥሮ ሕግ ሲሆን ሁለተኛው የሰው ውሳኔ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን ለይተን እንመለከታለን።

አሜሪካዊው ሊቅ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳሳየው፣ በአንድ መስመር በሰከንድ የሚተላለፈው መረጃ ከፍተኛ መጠን የሚወሰነው በተመደበው የሞገድ ድግግሞሽ ስፋትና የሲግናሉ ኃይል የኖይዙን ስንት እጥፍ እንደሆነ በሚገልጸው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ስፋቱ 10 ሜጋኸርዝ፣ ሲግናሉም የኖይዙ 15 እጥፍ ይሁን። በ15 ላይ 1 ሲደመር 16 ይሆናል፤ 16 ደግሞ 2 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ 10ን በ4 ስናባዛ 40 ሜጋቢት በሰከንድ እናገኛለን። ከአንቴናው ርቀን እጥፉ ወደ 3 ቢወርድ፣ በተመሳሳይ ስሌት ፍጥነቱ ወደ 20 ሜጋቢት ዝቅ ይላል። በዚያው ርቀት ያሉ 20 ሰዎች ይህንን እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 1 ሜጋቢት ብቻ ነው። ኩባንያው አንቴናና ድግግሞሽ ሊጨምር ይችላል፤ ሕጉን ግን ሊሽር አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይለያል። መረጃችን በኩባንያው መሣሪያዎች ውስጥ ስለሚያልፍ፣ መሣሪያው ደንበኛውን በሲም ካርዱ ለይቶ፣ ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ የሚመጣውን መረጃ ወረፋ ሊያስይዝ ወይም ሊጥል ይችላል። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 «ገደብ የለሽ» ኢንተርኔት የገዙ ደንበኞቹ በወር የተወሰነ መጠን ሲያልፉ ፍጥነታቸውን መቀነስ ጀመረ። የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህ ለደንበኞች በአግባቡ አልተነገረም በማለት በ2014 ከሰሰው፤ ኩባንያውም በ2019 60 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ቁጥጥሩ በፍጥነት ብቻ አይወሰንም። በ2012 በአይፎን ላይ ያለው የፌስታይም ቪዲዮ ጥሪ ከዋይፋይ ውጭም በሞባይል ኔትወርክ እንዲሠራ በተዘጋጀ ጊዜ፣ ይኸው ኩባንያ መጀመሪያ የፈቀደው አንድ ዓይነት የአገልግሎት ጥቅል ለገዙ ደንበኞች ብቻ ነበር። አንድ ዓይነት ስልክ ይዘው በአንድ አንቴና ሥር ከቆሙ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲደውል ሌላው ይከለከል ነበር ማለት ነው። ይህን ልዩነት የትኛውም የፊዚክስ ቀመር አያስረዳውም።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት እንለያለን? መልሱ መለካት ነው። ፍጥነታችንን በተለያዩ ሰዓታትና ቦታዎች፣ በተለያዩ ድረ ገጾችም ላይ ለክተን እንመዝግብ። መጨናነቅ ወይም ርቀት ያመጣው መዘግየት ከሰዓትና ከቦታ ጋር ይለዋወጣል። ተጠቃሚው በሚያንስበት እኩለ ሌሊትም፣ ከአንቴናው አጠገብም ያው ቁጥር ከተደጋገመ ግን የተወሰነ ጣሪያ መኖሩን ያመለክታል።

ውስን የሆነውን ሞገድ ለማከፋፈል ደንብ ማስፈለጉን አንክድም። ነገር ግን የሰው ውሳኔ የተፈጥሮ ግዴታ መስሎ ሊቀርብልን አይገባም፤ ለተፈጥሮ ሕግ መፍትሔው ተጨማሪ አንቴና ሲሆን፣ ለሰው ውሳኔ ግን ምክንያቱን መጠየቅ ነው።