የአስተያየት ሣጥኑ ቍልፍ በማን እጅ ነው?

በከተማችን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የገባ ሰው በበሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሣጥን ሳያይ አይቀርም። «የአስተያየት መስጫ» ተብሎ ተጽፎባታል፤ ቍልፍ አላት፤ አቧራም አላት። የከፈታት ሰው ግን ያለ አይመስልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥራ ቦታ አዲስ ሐሳብ እንዴት እንደሚወለድና ስለ ምን እንደሚጨነግፍ በአጭሩ መግለጽ ነው። ነገሩ የአለቆች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ ወንድም ቢኖር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አለቃ የሚሆነው ማን እንደ ሆነ ቆም ብሎ ያስብ።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ እምነት እናርም። ፈጠራ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በቤተ ሙከራ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሊቅ ነው። በሥራ ላይ ያለው ፈጠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ተራ ነገር ነው፤ ይኸውም መሣሪያውን ከሚሠራበት ቦታ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ሁለት ጊዜ የሚጻፈውን አንድ ጊዜ መጻፍ፣ የሚባክነውን ቁራጭ ለሌላ ጥቅም ማዋል ነው። ይህንንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ነው።

ጃፓኖች ይህንን ቀድመው ተረዱት። እ.ኤ.አ. በ1950 የቶዮታው ኤይጂ ቶዮዳ ወደ አሜሪካ ሄዶ የፎርድን ፋብሪካ ጎበኘ። በፎርድ ዘንድ ሠራተኞች ሐሳባቸውን የሚያቀርቡበት ደንብ ነበር። ቶዮታም በ1951 የራሱን ጀመረ። ምስጢሩ ከሣጥኑ ላይ አይደለም፤ የቀረበው ሐሳብ መመርመሩ፣ ተቀባይነት ያገኘውም ጥቂትም ቢሆን ሽልማት ማግኘቱ ነው። ካይዘን የሚባለው አሠራር በዚህ መንፈስ የሚሄድ ሲሆን፣ ቃሉ «ማሻሻል» ማለት ነው። ወደ አገራችንም ገብቶ፣ ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በጃይካ እርዳታ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ባሉ 30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ ከዚያም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ነገር ግን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ቦሌ አለልን። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን ከሰማይ ባጠፋው ጊዜ፣ የዓለም አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን አቁመው ከየመንግሥታቸው ገንዘብ ሲጠይቁ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 25 ከሚጠጉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበሮቹን አስነቅሎ ጭነት አመላለሰባቸው። በዚያን ጊዜ ዓለም የሚፈልገው መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ነበርና፣ ባዶው አውሮፕላን ሥራ አገኘ። ይህ ግን በአንድ ሌሊት የመጣ ብልኃት አይደለም። ድርጅቱ ከተመሠረተበት ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ የራሱን ጥገና ቤትና የራሱን የቴክኒክ ማሠልጠኛ ስላቋቋመ፣ ሐሳቡ ሲመጣ የሚፈጽም እጅ ተዘጋጅቶ ቆየው። ደግሞም በአውሮፕላን ላይ ማንም እንደ ልቡ ብሎን አይፈታም፤ ለውጡ ሁሉ ተመርምሮ መፈቀድ አለበት። እንግዲህ ፈጠራና ደንብ ጠላቶች ናቸው የሚለው አባባል ውሸት ነው ማለት ነው።

ታዲያ በሌላው ዘንድ ሐሳብ ለምን ይጨነግፋል? ባለፈው ክረምት በቦሌ አካባቢ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ተመድቤ ነበር። ባለጉዳዩ አንድ ሰዓት ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ፎቶ ኮፒ አልያዝክም» ተብሎ ይመለሳል። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ የሚያስፈልገውን ወረቀት በሩ ላይ ብትጽፉት እኮ ሰው ባልተጉላላ» አሉኝ። ሄጄ ለኃላፊው ነገርኩት። «ማን ነው ያለው?» አለኝ። ስነግረው ሣቀ። ስለ ሐሳቡ ግን አንዲት ነገር አልጠየቀኝም። እኔም የመመዘኛ ወረቀቴ በእጁ ነበረና ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሐሳብም አይወጣም።

ከዚህ የተማርኩትን ለማካፈል ያህል፣ ሐሳብን ለማበረታታት አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ እላለሁ። አንደኛ፣ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ሄዶ መጠየቅ፤ ሁለተኛ፣ ሐሳቡ ባይሆን እንኳ ምክንያቱን ቶሎ መመለስ፤ መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይናገርምና። ሦስተኛ፣ በትንሹ ሞክሮ ማየት፤ በሩ ላይ አንድ ወረቀት መለጠፍ የሚያስወጣው ወጪ የለም። አራተኛ፣ የሐሳቡን ባለቤት በስሙ ማመስገን፤ አለቃው የራሱ አስመስሎ ቢያቀርበው ግን ያ ምንጭ ይደርቃል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ነገ ዲግሪያችንን ይዘን ከመስኮቱ በስተ ውስጥ የምንቀመጠው እኛ ነን። ያን ጊዜ አንዲት እትዬ መጥተው የሚናገሩት ቢኖራቸው፣ «ማን ነው ያለው?» ከማለታችን በፊት «ምን አሉ?» እንበል። እኔም በመጪው ክረምት ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ያን ወረቀት በሩ ላይ ለመለጠፍ እንደገና እጠይቃለሁ።