ነፍሰ ጡር ሆነው ለገና ላሊበላ? መጀመሪያ የመመለሻውን ቀን ይቁጠሩ

ስለት አለብዎት እንበል። ከዓመታት በፊት ለገና ላሊበላ ሄደው፣ በቤተ ማርያም ግቢ ካለው ኩሬ፣ ልጅ የሚሹ ሴቶች በእምነት ከሚነከሩበት ውኃ ገብተዋል። «ልጅ ካገኘሁ ተመልሼ መጥቼ አመሰግናለሁ» ብለውም ነበር። ይኸው ፀንሰዋል፤ ስምንተኛው ወር ገብቷል፤ ታኅሣሥ 29ም ደርሷል። አማትዎ «አየር ላይ ያለው ከፍታ ልጁን ያፍነዋል» ይላሉ። ባለቤትዎ «ሁለት ቀን በአውቶቡስ ከመንገላታት አንድ ሰዓት በአውሮፕላን ይሻላል» ባይ ናቸው። እናትዎ ደግሞ ለማንም ሳይፈርዱ የገንፎውን እህል እያስፈጩ ነው።

የአማትዎን ስጋት እናስቀድም፤ በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነውና። እውነት ነው፣ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው። ሆኖም አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፣ የተሳፋሪዎቹ ክፍል የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ይሠራል። እስቲ ያስቡት፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ያሉ የላስታ ሴቶችማ ከዚያም ከፍ ብለው አርግዘው ይወልዳሉ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የአውሮፕላኑ አየር የሳሎኑ አየር ነው ማለት ይቻላል። የፅንሱም ደም ከእናቱ ደም ይልቅ ኦክስጅንን አጥብቆ ይይዛል። ከፍታው የሚሰማት ከዱባይ የመጣችው እህትዎ ናት፤ እሷንም ቢሆን ትንፋሽ የሚያሳጥራት የላሊበላ ዳገት ነው።

ይህ ሁሉ ለጤነኛ እርግዝና ነው። ከባድ የደም ማነስ ወይም የእርግዝና ደም ግፊት ካለብዎት፣ ደም ከታየዎት፣ እንግዴ ልጁ የማኅፀን በር ላይ ነው ከተባሉ፣ ወይም ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው ወልደው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሐኪምዎ «አይሂዱ» ካሉ ትኬቱን ይመልሱ።

የደም መርጋት ነገርም አለ። እርግዝና ደም የመርጋት ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ለረጅም ሰዓት እግርን አጥፎ መቀመጥ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሐኪሞች የሚሰጉት ከአራት ሰዓት በላይ ለሚፈጅ ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ ላሊበላ ቀጥታ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለዚህ ብዙም አያሳስብም። ከዋሽንግተን 13 ሰዓት ገደማ በርራ ለምትመጣ ነፍሰ ጡር ግን ጠባቂ ካልሲ፣ ብዙ ውኃና በየሰዓቱ ተነስቶ መራመድ ግድ ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ሐኪም ነው። መኪናም ላይ ያው ነው፤ «በአውቶቡስ ይሻላል» የሚሉ ሰዎች ይህን ይረሱታል።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ። እኛ ቤት እርግዝና የሚቆጠረው በወር ነው፤ አየር መንገድ ግን የሚቆጥረው በሳምንት ነው። በአብዛኛው ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠየቃል። አንድ ልጅ ለያዘች እናት 36ኛው ሳምንት አካባቢ፣ መንታ ላረገዘች ደግሞ 32ኛው ሳምንት አካባቢ በሩ ይዘጋል። ዝርዝሩ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። ሰው የሚሳሳተው የሚሄድበትን ቀን ቆጥሮ የሚመለስበትን ሲረሳ ነው። ታኅሣሥ 26 ሲሄዱ 34 ሳምንት ከ6 ቀን ከሆነዎት፣ ጥር 4 ሲመለሱ 36 ሳምንት ሞላዎት ማለት ነው። በገና ሰሞን አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚሞላ ያውቃሉ፤ አንድ ቀን ቢዘገይ በማግሥቱ ቦታ ላይገኝ ይችላል። በ2013ም ሆነ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጸጥታ ችግር የላሊበላ በረራ ተቋርጦ እንደነበርም አይዘነጋም።

ታናሽ እህቴ ይህን በራሷ አይታዋለች። ክፍለ ሀገር ለሠርግ ስትሄድ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ነበርና ማንም ምንም አላላትም። ስትመለስ «ስንት ሳምንትዎ ነው?» ተባለች። «ሰባት ወር» አለች፤ ደብዳቤ አልያዘችም። ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ ሁላችንም ስለ ሥጦታው እንጂ ስለ ወረቀቱ አላሰብንም። የአካባቢው ሐኪም መርምሮ እስኪጽፍላት ሦስት ቀን በዘመድ ቤት ቆየች። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢሆን፣ ቀኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቢጻፍ ይመረጣል። ሳምንቱን፣ የሚጠበቀውን የመውለጃ ቀን፣ ፅንሱ አንድ ወይም መንታ መሆኑን፣ ለበረራ የሚከለክል ነገር አለመኖሩንም ይግለጽ። ለመመለሻው የሚሆን ቅጂ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር፤ የክትትል ካርድዎም እንዲሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ምጡ እዚያ ቢመጣስ? የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ዝቅ ብሎ ሹምሽሃ ሜዳ ላይ ነው፤ እስከ ከተማው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ከተማው ሆስፒታል አለው። ከዚያ ለሚያልፍ ነገር ግን በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ፣ ብሎም ወደ ደሴ መጓዝ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያ ደግሞ ምጥ ለያዛት ሴት ረጅም ተራራማ መንገድ ነው። ለዚህ ነው በሀገራችን በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ የተሠራው፤ ሩቅ ያለችው እናት ምጡ ሳይመጣ ቀርባ እንድትጠብቅ። የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ በ1976 እንደ ፈረንጆቹ ተጀምሮ ብዙ እናቶችን አስጠልሏል። የላስታዋ እናት ወደ ሆስፒታሉ ቀርባ ልትጠብቅ ስትመጣ እርስዎ በዚያው ሳምንት ከሆስፒታልዎ ርቀው ሊሄዱ ነው።

ደርሰውም ቢሆን የገና ሌሊት ቀላል አይደለም። ከዓለት የተፈለፈለው ደረጃ በስንት ዘመን እግር ለስልሷል፤ ዋሻው ጨለማ ነው፤ ሕዝቡ ይገፋፋል። በስምንተኛው ወር ደግሞ የሰውነት ሚዛን ይቀየራልና መውደቅ ቅርብ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ከበረራው ይልቅ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚወርደው መተላለፊያ ያስፈራኛል። የነቢያት ጾምንም ከጾሙ ጉዞው ላይ ባዶ ሆድ እንዳይሆኑ ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ሐኪምዎ ፈቅደው፣ ሳምንቱም በቂ ሆኖ ከሄዱ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ይያዙ። ቀበቶውን ከሆድዎ በታች፣ በዳሌዎ ላይ ይሰሩት። የፍተሻው በር ብረት የሚለይ እንጂ ራጅ አይደለም፤ አይጉዱ።

ሳምንቱ ካለፈ ደግሞ ጃንጥላውን ወይም ጧፉን ባለቤትዎ ይዘው ይሂዱ፤ ስለት በሰው እጅም ይደርሳል። የሚመጣው ገና ሲደርስ ልጅዎ አሥራ አንድ ወር ገደማ ይሆነዋል፤ ከሁለት ዓመት በታች ነውና ጭንዎ ላይ ተቀምጦ ይበራል። ሲነሳና ሲያርፍ ጆሮው እንዳያመው ጡት ያጥቡት።