ማርከሻው እየተሰጠ የደም መርጋት ቁጥር ለምን ከፍ ይላል?

እህቶቼ፣ ሆስፒታል ለሀገር ልጆች ሳስተረጉም ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። ፓናዶል ከልክ በላይ የወሰደች እህት ማርከሻው በጉሉኮስ እየገባላት ሳለ "የደምሽ ቁጥር ጨምሯል" ስትባል፣ "በቃ ጉበቴ አለቀ፣ ንቀሉልኝ" ትላለች። ነርሶቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት የለም።

ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ነገሮች የሚሠራው ጉበት ነው። ፓናዶል ጉበትን ሲጎዳ ደም ለመርጋት ይዘገያል፤ አይኤንአር የሚባለው ቁጥርም ይጨምራል። የጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ነገር ግን አሴቲልሲስቲን የተባለው ማርከሻ ራሱ፣ ጉበት ደህና ሆኖ እንኳ፣ ቁጥሩን በጥቂቱ፣ ወደ 1.3 ገደማ፣ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በዚህ ብቻ አይፈርድም፤ ኤኤልቲ የሚባለውን የጉበት ምርመራም ያያል። ኤኤልቲው ደህና ከሆነ ትንሿ ጭማሪ ከመድኃኒቱ ልትሆን ትችላለች። ሁለቱም አብረው ከጨመሩ፣ ወይም አይኤንአሩ መውጣቱን ካላቆመ፣ ያን ጊዜ ጉበት ተጎድቷል ብሎ ይጠረጥራል። "ኤኤልቲዬስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጉሉኮሱን ግን አታስነቅሉ፤ ብዙ ጊዜ 21 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ማርከሻው ይበልጥ የሚሠራው በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቢዘገይም ይጠቅማል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ሕመም ላይሰማ ስለሚችል "ደህና ነኝ" ብላችሁ አትደሩ። ለጥርስ ፓናዶል፣ ለጉንፋን ሌላ ክኒን ደርባ የወሰደችም አለች፤ በብዙ የጉንፋን ክኒን ውስጥ ያው ፓራሲታሞል አለበት። ሆን ብላ የዋጠችም ብትሆን ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደች ለሐኪሙ ሳትፈራ ትንገረው። ባዶውን ካርቶን ይዛችሁላት ሂዱ።